«ካምቢዮዬ ሪኮል አለበት ወይ?» ለሚል ባለ ፒክአፕ

ሰው ስለ ፒክአፑ ሲያማክረኝ ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። «ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ይመታል። ሪኮል አለበት ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ውስጡ ግን ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ ካምቢዮው መበላሸቱ ነው። ሌላው ፋብሪካው በሕግ ተገድዶ በነፃ የሚሠራው መሆኑ ነው። የተበላሸ ሁሉ ሪኮል የለበትም። ሪኮል ያለበት ሁሉም ተበላሽቶ አይገኝም። ይህን ያልለየ ሰው ወይ መክፈል የሌለበትን ይከፍላል፣ ወይ ዲለር ቤት ሄዶ በከንቱ ሲጨቃጨቅ ይውላል።

የማወራው አሜሪካ ውስጥ ስለሚነዱ ፒክአፖች ነው። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሪኮል ምንድን ነው? አንድ መኪና ለደህንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝበት፣ ወይም የፌዴራሉን የደህንነት መስፈርት ሳያሟላ ሲቀር፣ አምራቹ ለባለቤቶቹ አሳውቆ ያለ ክፍያ እንዲያስተካክል የሚገደድበት አሠራር ነው። መሠረቱ በ1966 የወጣው የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ነው። ተቆጣጣሪው የብሔራዊ አውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ነው፤ ስሙ ስለሚረዝም ብዙ ሰው «ኒትሳ» ይለዋል። እኔም እንደዚያው ልበለው።

እዚህ ላይ ቁልፏ ቃል «ደህንነት» ናት። ካምቢዮው በ80,000 ማይል ቢያልቅ ያናድዳል። ማርሽ ሲቀይር ቢንገጫገጭ፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ጠዋት ጠዋት ቢዘገይ ያሳቅቃል። ግን ይሄ ሁሉ የሚጎዳው ኪስን ነው። ሪኮል የሚመጣው ጉድለቱ ሰው ሊጎዳ ይችላል ሲባል ነው። ሰው ሪኮልን ከዋስትና ጋር የሚያምታታውም እዚህ ላይ ነው። ዋስትና አምራቹ ሲሸጥላችሁ የገባው ውል ነው፤ በማይልና በዓመት ያልቃል። ሪኮል ማይል አይቆጥርም።

በምሳሌ ላሳያችሁ። የ2011 ፎርድ ኤፍ-150 ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው። ካምቢዮው ውስጥ የመውጫውን ዘንግ ፍጥነት እየለካ ለኮምፒውተሩ የሚናገር ሴንሰር አለ። ኮምፒውተሩ ማርሹን የሚመርጠው ይህን ሰምቶ ነው። ታዲያ የሴንሰሩ ምልክት ለቅጽበት ቢቋረጥ ካምቢዮው ሳይታሰብ ወደ አንደኛ ማርሽ ሊወርድ ይችላል። ሃይዌይ ላይ በ65 ማይል እየሄዳችሁ ይህ ሲሆን አስቡት። የኋላ ጎማዎቹ ሊያዙ፣ መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። ፍሬን ስላልረገጣችሁ ደግሞ የፍሬን መብራት አይበራም። ከኋላችሁ ያለው ሹፌር የሚያየው ድንገት ቀጥ ያለ ፒክአፕ ነው።

ፎርድ በ2016 በዚህ ጉዳይ የ2011 እና የ2012 ኤፍ-150ዎችን ከጥቂት ሌሎች ሞዴሎቹ ጋር ጠራ። በሰሜን አሜሪካ 200,000 ገደማ መኪና ነበር። በ2019 ጥሪው ሰፋ፤ ከ2011 እስከ 2013 ያሉት ኤፍ-150ዎች ገቡ፣ ቁጥሩም 1.5 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በ2024 የ2014 ሞዴል ተራ ሆነ፤ 550,000 ገደማ። በ2025 ደግሞ ኒትሳ ከ2015 እስከ 2017 ባሉት ላይ ምርመራ ከፈተ። የሪኮሎቹ መፍትሔ ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው አዲስ ካምቢዮ አልነበረም። የኮምፒውተሩን ሶፍትዌር ማሻሻል ነው።

አሁን የ2014 ኤፍ-150 ያለውን ሰው አስቡት። በ2019 ሲያጣራ መልሱ «የለበትም» ነበር። መኪናው ያው መኪና፣ ካምቢዮውም ያው ካምቢዮ። ከአምስት ዓመት በኋላ መልሱ «አለበት» ሆነ። ለዚህ ነው «አንዴ አይቻለሁ፣ ንጹህ ነው» የሚል ሰው የማያሳምነኝ። ኒትሳ ራሱ በዓመት ሁለት ጊዜ አጣሩ ይላል። ሰዓት በሚቀየርበት ሰሞን ማድረግ ጥሩ ማስታወሻ ነው፤ የቤቱን ሰዓት ስታስተካክሉ የመኪናውንም ሪኮል ታያላችሁ።

ሌሎችም አሉ። በ2017 መጨረሻ የራም ፒክአፖች ተጠሩ፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ። ፍሬን ሳይረገጥ ወይም ቁልፍ ሳይኖር ማርሹ ከፓርክ ሊወጣ ይችላል ተብሎ ነው። መኪና ውስጥ የሚጫወት ልጅ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልግም። በ2022 ኒሳን ከ2020 እስከ 2023 ያሉ ፍሮንቲየርና ታይታን ሞዴሎቹን ጠራ። ፓርክ ላይ ሲደረግ ካምቢዮውን ቆልፎ የሚይዘው ትንሽ የብረት ጥርስ ላይነክስ ይችል ነበር፤ ባለቤቶቹ ባቆሙ ቁጥር የእጅ ፍሬን እንዲስቡ ተነገራቸው። በ2024 መጀመሪያ ቶዮታ 280,000 ገደማ መኪና ጠራ፤ ታንድራ ፒክአፕም አለበት። ኒውትራል ላይ ቢደረግም የካምቢዮው ክፍሎች ወዲያው ላይላቀቁ ስለሚችሉ መኪናው ወደፊት ሊሳብ ይችላል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ከ2020 እስከ 2022 የተሠሩ የናፍጣ ሲልቨራዶና ሲየራ ፒክአፖችን ከትልልቅ ኤስዩቪዎቹ ጋር ጠራ፤ ከ460,000 በላይ። ባለ አሥር ማርሹ ካምቢዮ ውስጥ ያለ ቫልቭ እየተበላ ይሄድና የኋላ ጎማዎቹ ለአፍታ ሊቆለፉ ይችላሉ።

ልብ በሉ። አንዳቸውም «ካምቢዮው ቶሎ ያልቃል» ተብለው አልተጠሩም። ሁሉም ወይ መኪናው ሳይፈለግ የሚንቀሳቀስበት፣ ወይ ሳይታሰብ የሚያዝበት ነው።

በሌላ በኩል የጄኔራል ሞተርስን ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ ውሰዱ። ብዙ ባለቤቶች በተወሰነ ፍጥነት ላይ፣ ባልተስተካከለ አስፋልት ላይ የሚሄዱ ያህል መኪናው ይንቀጠቀጣል ብለው አማረሩ። ለዲለሮች የወጣው የጥገና መመሪያ የካምቢዮውን ዘይት አጥቦ በሌላ ዓይነት ዘይት መተካት ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ግን በዚህ መንቀጥቀጥ የተነሳ ሪኮል አልወጣም። ሰው «ሁሉም የሚያውቀው ችግር እኮ ነው!» ይላል። የታወቀ ችግርና ሪኮል አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ወደ ማጣራቱ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሻንሲ ቁጥር፣ እዚህ ቪን የሚሉት። የሞዴሉ ዓመትና ስም አይበቃም። በአንድ ዓመት ከወጡ ሁለት ተመሳሳይ ፒክአፖች አንዱ ተጠርቶ ሌላው ላይጠራ ይችላል፤ ካምቢዮአቸው የተለያየ፣ ወይም የተሠሩበት ቀንና ፋብሪካ የተለያየ ሊሆን ይችላል። የጎረቤታችሁ ተጠራ ማለት የእናንተ ተጠራ ማለት አይደለም። የእሱ አልተጠራም ማለትም የእናንተ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። በሹፌሩ በኩል፣ የፊት መስታወቱ ከዳሽቦርዱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ከውጭ ይነበባል። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀትም አለ። ሬጅስትሬሽኑና የኢንሹራንስ ካርዱም ላይ ታገኙታላችሁ። ስትገለብጡ አንድ ነገር ይርዳችሁ፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቪን ውስጥ የሉም። ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። ስለዚህ ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው፤ አትጠራጠሩ።

አሥረኛዋ ምልክት የሞዴሉን ዓመት ትናገራለች። ለ2011 ቢ፣ ለ2014 ኢ፣ ለ2020 ኤል እያለ ይሄዳል። አሥራ አንደኛዋ ፋብሪካውን ታመለክታለች። ዘጠነኛዋ ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ መቆጣጠሪያ ናት፤ አንድ ፊደል ብትሳሳቱ ስሌቱ ስለማይገጥም ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ልክ አይደለም ትባላላችሁ። ይህን ሁሉ መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ግን ሻጩ «2015 ነው» ሲላችሁ አሥረኛዋ ኢ ከሆነች ጨዋታው ሌላ ነው።

ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ኒትሳ ድረ-ገጽ ሂዱ። አድራሻው ኤንኤችቲኤስኤ ዶት ጎቭ (nhtsa.gov) ነው፤ የሪኮል ገጹ ላይ 17ቱን አስገብታችሁ መልሱ ወዲያው ይመጣል። አገልግሎቱ ከ2014 ጀምሮ አለ፤ ክፍያ የለውም። ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ላይ ከሆናችሁ ቦታ ተሳስታችኋል። በስልክ ለሚመርጥ 888-327-4236 ላይ ይደውላል። የየአምራቹም ድረ-ገጽ በቪን ያጣራል። እኔ ሁለቱንም አያለሁ፤ የአምራቹ ገጽ አንዳንዴ ከሪኮል ውጭ ያሉ የነፃ ጥገና ፕሮግራሞችንም ያሳያል።

መልሱን ማንበብ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ገጹ የሚያሳየው ያልተሠራ ሪኮልን ነው። ተሠርቶ የተዘጋ ሪኮል አይወጣም። ስለዚህ «ዜሮ» ሲል ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ ጭራሽ አልተጠራም፣ ወይ ተጠርቶ ተሠርቷል። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ለዲለር ቪኑን ሰጥታችሁ የሪኮል ታሪኩን ጠይቁ። ሦስተኛም አለ፤ ሪኮሉ ገና ሰሞኑን ታውጆ የየመኪናው ቁጥር ተለይቶ ያላለቀ ሊሆን ይችላል። ዜና ላይ ሰምታችሁ ገጹ ዜሮ ካላችሁ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት። በጣም የቆየ ሪኮልም ላይታይ ይችላል፤ ፍለጋው የሚሸፍነው ያለፉትን 15 ዓመታት ነው።

ያልተሠራ ሪኮል ካለ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሁኔታ ታገኛላችሁ። አንዱ መፍትሔው ተዘጋጅቷል የሚል ነው፤ ቀጠሮ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሌላው መፍትሔው ገና ነው የሚል ነው። ይሄኛው ያበሳጫል። አደጋ አለው ተብሎ ተነግሯችሁ «ጠብቁ» ስትባሉ ምን ማለት ነው? መግለጫው ውስጥ እስከዚያው ምን ማድረግ እንዳለባችሁ የሚል ካለ ፈልጋችሁ አንብቡ። የኒሳኑ ዓይነት «የእጅ ፍሬን ሳቡ» የሚል ምክር የሚገኘው እዚያ ነው።

ሪኮሉ ላይ አንድ ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱ ናቸው፤ ቀጥላ የምትመጣው ቪ ተሽከርካሪ ማለት ናት። ስትደውሉ ይህን ቁጥር ጥሩ። «ካምቢዮው ሪኮል አለበት መሰለኝ» ከማለት ይልቅ ቁጥሩን መጥራት ስልኩ ላይ ያለውን ሰው በደንብ ያነቃዋል። የመኪናውን የምርት ስም የሚሸጥ ማንኛውም ዲለር ይሠራዋል፤ ከገዛችሁበት ቦታ መሄድ ግዴታ አይደለም። ገንዘብ አይጠየቅም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ባለቤት መሆናችሁም ለውጥ አያመጣም፤ ሪኮል የሚከተለው መኪናውን ነው። ዲለሩ አሻፈረኝ ካለ የአምራቹን የደንበኞች መስመር፣ ከዚያም ኒትሳን አነጋግሩ።

የነፃነቱ ወሰን አንድ ነው። መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ 15 ዓመት ካለፈው በኋላ ለሚወጣ ሪኮል አምራቹ በነፃ የመሥራት ግዴታ የለበትም። በፊት 10 ዓመት ነበር፤ በ2015 የወጣ ሕግ አራዘመው።

«ግን ደብዳቤ አልደረሰኝም» የሚለውን አዘውትሬ እሰማለሁ። አምራቹ ጉድለቱን ለኒትሳ ካሳወቀ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ለባለቤቶች በፖስታ መላክ አለበት። ፖስታው የሚሄደው ግን በመዝገብ ላይ ወዳለው ስምና አድራሻ ነው። ቤት ቀይራችሁ ከሆነ፣ መኪናውን ከግለሰብ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ደብዳቤው የሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሌላም ጣጣ አለ። «የመኪናዎ ዋስትና ሊያልቅ ነው» እያሉ መንግሥታዊ መስለው የሚመጡ የማጭበርበሪያ ወረቀቶች ሰውን አሰልችተውታል፤ እውነተኛውም አብሮ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። እውነተኛው የሪኮል ደብዳቤ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥርጣሬ ካላችሁ ደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ ሳይሆን በራሳችሁ ወደ ኒትሳ ገጽ ሂዱ።

ሪኮሉ ከመውጣቱ በፊት ያንኑ ብልሽት ከኪሳችሁ ከፍላችሁ አሠርታችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። አምራቾች ለእንዲህ ያለ ወጪ የመመለሻ አሠራር እንዲኖራቸው ሕጉ ያዛል። ደብዳቤው ውስጥ ተጽፎ ይመጣል። የሚጠየቀው ደረሰኝ ነው። ወዳጅ ጋራዥ ሄዶ በእጅ ከፍሎ የወጣ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል።

ስለ ፒክአፕ ሳወራ መዝለል የማልችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሻንሲ ቁጥሩ የመኪናው እንጂ የካምቢዮው አይደለም። ካምቢዮው ሞቶ ከተበታተነ መኪና በወጣ ሌላ ካምቢዮ ከተተካ፣ ገጹ የሚነግራችሁ ፋብሪካ ላይ ስለተገጠመው ነው። አሁን ስር ያለው ከየትኛው መኪና እንደመጣ ኮምፒውተሩ አያውቅም። ያገለገለ ካምቢዮ ስታስገጥሙ የመጣበትን መኪና ቪን ጠይቃችሁ እሱንም አጣሩ። ሁለተኛ፣ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ የኮምፒውተሩን ሶፍትዌር ያስቀየራችሁ ካላችሁ፣ የሪኮሉ ሶፍትዌር ሲጫን የእናንተው ይጠፋል። መልሳችሁ የድሮውን ብትጭኑት ደግሞ የሪኮሉን መፍትሔ አብራችሁ ልታጠፉት ትችላላችሁ።

ያገለገለ ፒክአፕ ልትገዙ ከሆነ ቪኑን ሻጩ ፊት ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ አስገቡት። ዲለር አዲስ መኪናን ያልተሠራ ሪኮል እያለበት መሸጥ አይፈቀድለትም። ያገለገለ መኪና ላይ ግን እንዲህ ያለ የፌዴራል ክልከላ የለም። «ዲለር ነው የሚሸጠው፣ አጣርተውታል» ማለት የዋህነት ነው።

አጣርታችሁ ምንም ሳይገኝ ቀርቶ ካምቢዮው ግን እያስቸገረ ከሆነስ? እዚያው ኒትሳ ገጽ ላይ በዓመትና በሞዴል ፈልጉ። የሌሎች ባለቤቶችን አቤቱታ፣ የተከፈተ ምርመራ ካለ እሱን፣ አምራቹ ለዲለሮች የላካቸውን የጥገና መመሪያዎችም ታገኛላችሁ። የጥገና መመሪያ ሪኮል አይደለም፤ ዋስትና ካለፈ ከኪሳችሁ ነው። ግን ወርቅ ነው። መካኒኩ ካምቢዮውን አውርዶ ከመፍታቱ በፊት «ለዚህ ምልክት ፋብሪካው ዘይት ቀይሩ ብሏል» ብላችሁ ወረቀቱን ብታሳዩት ብዙ ሺህ ዶላር ልታተርፉ ትችላላችሁ። ዋስትና ገና ካላለቀም ለዲለሩ የምታሳዩት ይህንኑ ነው። ብዙ የአሜሪካ ፒክአፖች የሞተርና የካምቢዮ ዋስትናቸው 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፤ መጀመሪያ የደረሰው ያልቃል።

ችግሩ አደገኛ ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም መኪናው እየሄደ ማርሽ ከጣለ፣ ከተያዘ፣ ፓርክ ላይ ቆሞ ከተንሸራተተ፣ አቤቱታ አስገቡ። ምርመራ የሚከፈተው በአመዛኙ ከዚህ ተነስቶ ነው። ከ2015 እስከ 2017 ያሉት ኤፍ-150ዎች ላይ ፋይል የተከፈተው ባለቤቶች ስለጻፉ ነው። ስትጽፉ ንዴቱን ትታችሁ ሁኔታውን አስፍሩ። ቀኑ፣ የተነዳው ማይል፣ ፍጥነቱ፣ መኪናው ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የበራ መብራት፣ ዲለሩ ጋ ወስዳችሁት ከሆነ እሱ የነገራችሁ። ቪኑን አትርሱ። የግል መረጃችሁ ለሕዝብ አይለጠፍም፤ የጻፋችሁት ታሪክ ግን ያንኑ ሞዴል ለሚፈልግ ሁሉ ይታያል።